ለቆላ ከተማ አጥር ላብላብ

በድሬዳዋም ሆነ በአርባ ምንጭ አጥሩን በአበባማ ሐረግ ማስዋብ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቡገንቪሊያን ነው። ድርቅ መቻሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ ተክል በአብዛኛው የሚራባው በቁርጥራጭ ግንዱ ነው፤ ለጓዳም የሚሰጠው የለም። ላብላብ የተባለው ሐረጋማ የጥራጥሬ ተክል ግን ከአንድ እፍኝ ዘር ይበቅላል። መነሻው አፍሪካ ነው፤ የኮንሶ ገበሬዎችም ዝናብ በሚያጥረው ምድራቸው ሲያመርቱት ኖረዋል። ሐምራዊ ወይም ነጭ አበባው ንብ ይስባል፣ ቅጠሉ መኖ ይሆናል፣ በሥሩ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው አፈሩን ያለማሉ። መርዛማነቱን የሚያነሱ አልተሳሳቱም፤ የደረቀው ፍሬ ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ስላለው ተዘፍዝፎ፣ ውሃው እየተደፋ በደንብ መቀቀል አለበት። ግብጦን አብስሎ ለሚያውቅ ቤት ግን ይህ እንግዳ ሥራ አይደለም። ድርቅ ቻይ ነው ተብሎ ዘርቶ መተውም አያዋጣም፤ ሥሩ ወደ ታች እስኪዘልቅ ድረስ እርጥበት ይሻል፣ ስለዚህ ዝናብ ሲገባ ይዘራ። ዕድሜው ከቡገንቪሊያ ማጠሩን እንደ ጉድለት አላየውም፤ የደረቀው ቆባ ለራስም ለጎረቤትም የሚተርፍ ዘር ይሰጣልና።