ከኮፍያው ሥር



ባለፈው ሳምንት ከመግሪብ ሶላት በኋላ በተቀመጥንበት አንድ ጥያቄ ተነሳ፤ በሳቅ ተጀምሮ በኩርፊያ ተበተንን። ጥያቄው፣ ሰው ፀጉሩን በንቅለ ተከላ አሠርቶ ሳይስተካከልለት ቢቀርና ደግሞ ለማሠራት ቢነሳ ሸሪዓ ምን ይላል የሚል ነበር። አንዱ «የአላህን ፍጥረት መለወጥ ነው፤ አለቀ» አለ። ሌላው «የመጀመሪያውስ ይሁን፤ ሁለተኛው ግን ጥጋብ ነው» አለ። ሦስተኛው ቀልድ ጨመረበት፤ ቀልዱን እዚህ አልጽፈውም። ነገሩ የሚነካው ወንድማችን ከበሩ አጠገብ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ ተቀምጦ ነበር። ስለ እርሱ እንደሚወራ ብዙዎቻችሁ አታውቁም ነበር። እኔ ግን አውቅ ነበር፤ አውቄም ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው በዚያ ዝምታ ስላፈርኩ ነው። ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ፤ «ስሜን ብቻ ተወው» ብሎኛል።

ሁለታችንም የላስታ ልጆች ነን፤ የእርሱ ቤት ከላሊበላ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ነገሩ የተጀመረው ታዲያ ብዙዎቻችሁ እንደምታስቡት በኢስታንቡል ሳይሆን በቆረቆር ነው። በእኛ ደጋ የልጅ ራስ በአንድ ምላጭ ይላጫል፤ የአጎት ልጅም የጎረቤት ልጅም ተራ ይዞ በዚያው ምላጭ። ብርዱ ስለሚጠና ኮፍያም እንዋዋሳለን። ቆረቆር ደግሞ ከራስ ወደ ራስ የሚተላለፍ የፈንገስ በሽታ ነው። አንዳንዱ ላይ ያብጥና መግል ይይዛል፤ ሳይታከም ከቆየ የፀጉሩ ሥር ሞቶ ቦታው ጠባሳ ይሆናል። እርሱን የያዘው ትምህርት ቤት ሳይገባ ነው። እናቱ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው አሹለት፤ ከገበያም ቅባት ገዝተው ቀቡት። ቅባት ብቻውን ግን ቆረቆርን አያድንም፤ ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። ግሪሶፉልቪን የሚባለው ለሳምንታት፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰዳል። ጤና ጣቢያ ሲደርስ በሽታው ዳነ፤ ከግንባሩ በላይ የልጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ግን ባዶ ቀረ።

ትምህርት ቤት ምን ብለን እንደምንጠራው አልነግራችሁም። «ምን ብለው እንደሚጠሩት» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰርዤ አስተካከልኩት። እኔም እጠራው ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ሪያድ የምትሠራ አክስቱ ብር አሰባስባ ኢስታንቡል ላከችው። ማስታወቂያው ሆቴሉንም፣ ከአየር ማረፊያ መቀበሉንም፣ ቀዶ ሕክምናውንም በአንድ ዋጋ ጠቅልሎ የሚሸጥ ነበር። ሐኪም የተባለውን ሰው ያየው ግንባሩ ላይ በእስክሪብቶ መስመር እስኪያሰምርለት ድረስ ብቻ ነው። የቀረውን ቀኑን ሙሉ የሠሩት ሌሎች ናቸው። ውጤቱን ለማወቅ ዓመት ጠበቀ፤ የተተከለ ፀጉር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይረግፍና ከሦስት ከአራት ወር በኋላ ነው እንደገና መውጣት የሚጀምረው። ሲወጣ ታዲያ ከሰሌን እስከ ሰሌን የተሰመረ፣ በገመድ የተለካ የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር ሆነ፤ ከሚገባው በታች ወርዶ ወደ ቅንድቡ የቀረበ፣ እንደ መጥረጊያ ጫፍ በችምችም የቆመ። ጠባሳው ላይ ግን የያዘው ጥቂት ነው። ባልጠየቀው ቦታ ፀጉር ሰጥተውት የጠየቀውን ቦታ ባዶውን ተዉት። ጠባሳ ደም በደንብ ስለማይደርሰው የተተከለውን ሁሉ አይዝም፤ ይህን አስቀድሞ የነገረው ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ሥራው ምን እንደሆነ ላብራራ፤ በዚያ ምሽት ያለ ዕውቀት የተፈረደው ይበዛ ነበርና። በንቅለ ተከላ የሌላ ሰው ፀጉር አይገባም። ከራሱ ከሰውየው ራስ ኋላና ጎን የፀጉር ሥሮች ይወጡና ከፊት ይተከላሉ። ጃፓናዊው ሐኪም ሾጂ ኦኩዳ እ.ኤ.አ. በ1939 በጻፈው ሥራው የጠባሳ ራሶችን ሲያክም ነበር፤ እንደ ወንድማችን ያሉትን ማለት ነው። አሜሪካዊው ኖርማን ኦሬንትራይክ ደግሞ በ1959 ከኋላ የተወሰደ ፀጉር ከፊት ቢተከልም የኋላውን ጠባይ ይዞ እንደሚያድግ ጻፈ፤ የዛሬው ሕክምና በዚህ ላይ ቆሟል። በዚያ ዘመን ግን 4 ሚሊ ሜትር የሚያህል ክብ ቆዳ ከነፀጉሩ እየተነሳ ስለሚተከል የሰው ራስ የአሻንጉሊት ራስ ይመስል ነበር። ጥገና የሚባለው ሙያ የበቀለው ብዙውን ጊዜ ከእነዚያ ሰዎች ራስ ላይ ነው።

ፀጉር ከቆዳው የሚወጣው አንድም፣ ሁለትም፣ ሦስትም አራትም ሆኖ ነው። ጥሩ ባለሙያ ለፊተኛው ረድፍ ነጠላ ነጠላውን ይመርጣል፣ ወደ ፊት አጋድሞ ይተክላል፣ መስመሩንም ሆን ብሎ ያዛንፈዋል፤ አላህ የፈጠረው ግንባር በማስመሪያ የተሰመረ አይደለምና። ለወንድማችን ሦስት ሦስቱን ከፊት ደረደሩለት። በዚያ ላይ የእኛ ፀጉር ከርዳዳ ነው፤ ከቆዳው ሥርም ይጠመዘዛል። ሥሩ ቀጥ ያለ ይመስል በቀጥታ ሲቆፍሩ ብዙው ይቆረጣል። ቆዳችንም ከሌላው ይበልጥ ያበጠ ጠባሳ፣ ኬሎይድ የሚባለውን፣ ለማውጣት የቀረበ ነው። ከርዳዳ ፀጉርን የማያውቅ ባለሙያ እጅ መግባት ለእኛ ልጆች እጥፍ አደጋ አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከኋላ የተነቀለው ሥር በቦታው ሌላ አይተካም። ሀብቱ አንድ ጊዜ የተሰጠ ነው፤ የባከነው ባከነ።

አሁን ያየው ሐኪም የነገረው፣ ከፊት ያለቦታው የተተከለው አንድ በአንድ ከሚሊ ሜትር ባነሰች ክብ መሣሪያ ይወጣል፤ ሳይሞት የወጣው እዚያው ጠባሳው ላይ ይተከላል። ጠባሳው ይያዝ አይያዝ እንዲታወቅ በመጀመሪያ ጥቂቱ ለሙከራ ይገባል። ከዚያ ወራት ይጠበቃል። ከዚያ ነጠላዎቹ ከፊት ገብተው መስመሩ ይለዝባል። እንግዲህ አንድ ሳይሆን ሁለት፣ ምናልባትም ሦስት ጊዜ ነው። «ደጋገመ» ብለን የምንስቅበት ይህ ነው፤ ጠባሳ ላይ የሚሠራ ታማኝ ሐኪም ከመጀመሪያውም በአንድ ጊዜ አያልቅም ብሎ ይናገር ነበር።

ወደ ሸሪዓው ልምጣ። እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ የተማርኩትን ብቻ ነው የማቀርበው፤ ከተሳሳትኩ ኡስታዞቻችን ያርሙኝ። ፀጉር መቀጠልን የሚከለክለውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቃለን፤ በሕመም ፀጉሯ ስለረገፈ ልጇ የጠየቀች እናት እንኳ አልተፈቀደላትም። ያ ግን የሌላን ፀጉር ቀጥሎ የራስ ማስመሰል ነው። የራስን ፀጉር ከቦታ ቦታ መትከልን ብዙ ዑለማዎች ከዚህ ለይተው አይተውታል። ሸይኽ ሙሐመድ ኢብን ሳሊሕ አል-ዑሰይሚን የፈቀዱት አላህ የፈጠረውን መመለስና ነውርን ማስወገድ ነው ብለው ሲሆን፣ የለምጻሙን፣ የመላጣውንና የዓይነ ሥውሩን ታሪክ አስረጅ አድርገዋል። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። መላጣው መልአኩን መልካም ፀጉር ጠየቀ፤ ተሰጠውም። በመጠየቁ አልተወቀሰም። የወደቀው ኋላ ደኻ መጥቶ ሲለምነው የነበረበትን ረስቶ በከለከለ ጊዜ ነው። ያን ምሽት ክፍሉ ውስጥ ከነበርነው ማን ለዚያ ሰው ይቀርብ እንደነበር አስቡት።

ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 ማሌዥያ ፑትራጃያ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 173 በበሽታ ወይም በአደጋ የመጣን ጉድለት ማስተካከልን ፈቅዷል፤ ፀጉር ሲረግፍ መትከልንም በስም ጠቅሶታል፤ በተለይ ለሴት። የከለከለው ጤናማን ፍጥረት በስሜትና ሌላውን በመምሰል ፍላጎት መለወጥን ነው። ሥራው በብቁ ባለሙያ እንዲሠራና ሊከተል የሚችለው ጉዳት ለታካሚው አስቀድሞ እንዲነገረውም ይጠይቃል። የወንድማችን የመጀመሪያ ሕክምና የጎደለው ይህ ነው፤ የጎደለውም በእርሱ ሳይሆን በሠሩት በኩል ነው።

«ሁለተኛው ጥጋብ ነው» ላለው ወንድሜ ደግሞ የዐርፈጃን ነገር ላስታውሰው። በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫው ተቆርጦ ነበር። ከብር አሠራ፤ ብሩ ሸተተበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከወርቅ እንዲያሠራ አዘዙት፤ ወርቅ ለወንድ የተከለከለ ሆኖ ሳለ። አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ነሳኢ ዘግበውታል። «አንዴ አሠርተሃል፣ በቃህ» አልተባለም። የከሸፈ ጥገናን መጠገን አዲስ ቅንጦት ሳይሆን የመጀመሪያው ችግር ቀጣይ መሆኑን እኔ ከዚህ እረዳለሁ።

ላሊበላ ያደግን ልጆች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚኮራባቸው የከተማችን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲጠገኑ ሬንጅና ቀለም ተቀቡ። በ1960ዎቹ በጣሊያናዊው ሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው ቡድን ያንን ሲፍቅ ነበር። በ2008 ደግሞ ከዝናብ ለመከላከል ትልልቅ መጠለያዎች ቆሙ፤ ኋላ ላይ የከተማው ሰው መጠለያው ራሱ ጉዳት ያመጣል ብሎ ጮኸ። «አንዴ ተጠግኗል፣ ይበቃዋል» ያለ ግን አልሰማሁም። ለድንጋይ የሰጠነውን ትዕግሥት ለአንድ ወንድም ራስ እንዴት እንነፍገዋለን?

ይህን ስል ግን ሁሉንም ድግግሞሽ መፍቀዴ አይደለም። ጠባሳው ተሸፍኖ፣ የፊቱ መስመር ለዝቦ፣ ሰው ቆም ብሎ የማያየው ከሆነ በኋላ «ግራው ከቀኙ ትንሽ ይለያል» ተብሎ ለአራተኛ ጊዜ መተኛት ሌላ ነገር ነው። ከኋላ የቀረችው ጥቂት ሥር አለች፤ እርሷ ካለቀች ኋላውም ይታያል። በየተሠራ ቁጥርም ለቀናት ራስን ማበስ አይቻል፣ ግንባርን መሬት ማስነካት አይቻል፤ ሶላትን በምልክት መስገድ ለችግር የተሰጠ ነው እንጂ ለእንዲያው ማስተካከያ ልቤ አይቀበለውም። ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኩት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «አብሽር፤ አንተ ፀጉር ስላለህ ነው የት ላይ እንደማቆም መስመሩን የምታሰምርልኝ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም፤ የእርሱም ንግግር ከልቤ አልወጣም።

ከጀማዓው ሣጥን ይረዳ ወይ የሚል ሹክሹክታም ሰምቻለሁ። እርሱ አልጠየቀም። እኔም አይሁን ባይ ነኝ፤ ሐራም ስለሆነ ሳይሆን ሣጥኑ ለምግብና ለፎቶ ኮፒ ያጣ ተማሪ ስለሚጠብቀው ነው። ከሣጥኑ ትንሽ የምናወጣ ከሆነ ለክረምት ይሁን። ለእረፍት ወደ ላስታ፣ ወደ ቡግና፣ ወደ መቄት የምንመለስ ልጆች አለን። ራሱ ላይ ቅርፊት ያየነውን ሕፃን እናቱን አግባብተን ጤና ጣቢያ እናድርሰው፤ ለመድኃኒቱ ያጠረውን እንሙላ፤ ለየቤቱ ሁለት ሦስት ምላጭ እንውሰድ። ጤና ጣቢያው ያልቻለውን ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የቆየ ስም አለው። እህቶችም፣ በሒጃብ ይሸፈናል ብላችሁ ሹሩባውን ዓይን እስኪስብ አታስጠብቁት፤ ለዓመታት የተወጠረ ፀጉር ከሰሌን ጀምሮ ይሸሻል፤ ሥሩ ከሞተም አይመለስም።

ወንድማችን የሙከራው ሥር የሚተከልበትን ቀን እየጠበቀ ነው። እስከዚያ እንደ ወትሮው ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል። ኮፍያውን መቼ እንደሚያወልቅ አትጠይቁት፤ ቦታ ብቻ ልቀቁለት።

ወላሁ አዕለም።