«ካንሰር ይተላለፋል እንዴ?»



ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። አቦሉ ላይ እንደተለመደው የዘይቱንና የሽንኩርቱን ዋጋ አነሳን፣ ጣልን። ቶናው ላይ ግን ጨዋታው ልጄ ከትምህርት ቤት ይዛው ወደመጣችው ወረቀት ዞረ። ወረቀቱ አጭር ነው። የጤና ባለሙያዎች ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥተው ለልጃገረዶች የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት እንደሚሰጡ ይናገራል።

ቡናውን የምትቀዳው ጎረቤቴ ሲኒውን እያቀበለችኝ፣ «አንቺዬ፣ ካንሰር ይተላለፋል እንዴ? እንደ ጉንፋን ነው?» አለችኝ። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡትና ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ጎረቤታችን ደግሞ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «መተላለፉንስ እግዜር ይወቀው። ክትባቱ ግን ልጆቹን መካን ያደርጋል ነው የሚባለው። ደግሞስ ፈረንጅ የሠራውን ሁሉ በእኛ ልጆች ላይ ነው እንዴ የሚሞክረው?» አሉ።

ወዲያው መልስ አልሰጠሁም። አክስቴ ትዝ አለችኝ። ያሳደገችኝ አክስቴ የሞተችው በዚሁ በሽታ ነው። የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት ካለፉ በኋላ ደም ይፈሳት ጀመር። ነውር መስሏት ለወራት ለማንም አልተናገረችም። ልብሷን ለብቻዋ ደብቃ ታጥብ እንደነበር ያወቅነው በኋላ ነው። ሐኪም ቤት ስንወስዳት ሐኪሙ ምርመራውን ጨርሶ፣ «ምነው ቀደም ብላችሁ ብታመጧት ኖሮ» አለን። ይህን ያህል ዓመት አልፎም ያቺ ቃል ጆሮዬ ላይ አለች። ስለዚህ የእሑዱን ጥያቄ በቡና ወሬ ብቻ ማለፍ አልቻልኩም። ያነበብኩትን፣ ሐኪሞች ጠይቄ የተረዳሁትን ለእነሱም ለእናንተም ላካፍል።

መጀመሪያ ጥያቄው። ካንሰር ራሱ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ካንሰር የያዘውን ሰው ማቀፍ፣ አብሮ መብላት፣ ማስታመም አያስይዝም። የሚተላለፈው አንዳንድ ካንሰሮችን የሚያመጣው ተህዋሲ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እንዳሰላው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ላይ ከታዩት አዳዲስ የካንሰር ሕመሞች ከመቶ 13 ያህሉ መነሻቸው ተላላፊ ተህዋስያን ናቸው። ከእነዚህ መካከል የጉበት ካንሰር የሚያመጡት የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ቫይረሶች፣ ለጨጓራ ካንሰር መነሻ የሚሆነው ባክቴሪያና የማህፀን በር ካንሰር የሚያስከትለው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ዋናዎቹ ናቸው።

ይህ ነገር የታወቀው በአንድ አገር ሰው ብልሃት አይደለም። ታሪኩም ከእኛ ሩቅ አይጀምርም፤ አንዱ መነሻው ኡጋንዳ ነው። ዴኒስ በርኪት የሚባሉ የሰሜን አየርላንድ ተወላጅ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ካምፓላ በሚገኘው ሙላጎ ሆስፒታል ሲሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 መንጋጋው ግራና ቀኝ ያበጠ አንድ ሕፃን አሳዩዋቸው። ብዙም ሳይቆዩ ሌላ ተመሳሳይ ሕፃን አዩ። ነገሩ እረፍት ነሳቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በአሮጌ ፎርድ መኪና ለአሥር ሳምንታት 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ ባሉ ሆስፒታሎች እየዞሩ «እንዲህ ያለ ሕፃን አይታችኋል?» እያሉ ጠየቁ። ዕጢው ሙቀትና ዝናብ ባለባቸው፣ ወባ በማይጠፋባቸው ቆላ ቦታዎች እንደሚበዛ፣ ደጋ ላይ ግን እንደማይታይ ተረዱ።

በዚያው ዓመት በርኪት ለንደን ሄደው ያዩትን ሲያስረዱ፣ ከአድማጮቹ መካከል አንቶኒ ኤፕስታይን የሚባሉ ተመራማሪ ነበሩ። ኤፕስታይን ከዚህ ዕጢ ጀርባ ቫይረስ ሊኖር ይችላል ብለው ጠረጠሩ። ከዚያ ወዲህ ከካምፓላ የሕፃናቱ የዕጢ ናሙና በአውሮፕላን ወደ ለንደን ይላክላቸው ጀመር። ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1963 መገባደጃ ግን አንዱን ናሙና የጫነው አውሮፕላን በጉም ምክንያት ለንደን ማረፍ አቅቶት ወደ ማንችስተር ዞረ። ናሙናው ዘግይቶ ሲደርስ ፈሳሹ ደፍርሶ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ተበላሽቷል ብሎ ይደፋው ነበር። ኤፕስታይን ግን በማይክሮስኮፕ ቢያዩት፣ ያደፈረሱት ከዕጢው ተላቀው የሚንሳፈፉ ሕያው ሴሎች ሆነው አገኟቸው። ሴሎቹን አራቡና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ ቫይረሱን አዩት። ከአየርላንዷ ኢቮን ባር እና ከትሪኒዳዱ ተወላጅ በርት አቾንግ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1964 ይፋ አደረጉት። በሰው ላይ ካንሰር በማምጣት የታወቀው የመጀመሪያው ቫይረስ ይኸው ኤፕስታይን-ባር የሚባለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ይህ ቫይረስ በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ከ90 በመቶ በላይ በሚሆኑት ሰውነት ውስጥ አለ። ታዲያ ሁላችንም ለምን አልታመምንም? መልሱ ዘበኛ ስላለን ነው። በደማችን ውስጥ የሚዘዋወሩት ነጭ የደም ሴሎች በቫይረስ የተያዙ ወይም የተበላሹ ሴሎችን እየፈለጉ ያጠፋሉ። በእነዚያ ቆላ ቦታዎች ወባ ደጋግሞ ሲመላለስ የሕፃናቱን ዘበኛ ያደክመዋል፤ ቫይረሱም መንገድ ያገኛል።

የማህፀን በር ካንሰርም ነገር ከዚህ አይርቅም። ፓፒሎማ ቫይረስ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ሲሆን፣ ብዙው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይይዘዋል። ስለዚህ ቫይረሱ የተገኘባት ሴት የምታፍርበት ምክንያት የለም። በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ዘበኛው በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ያባርረዋል። በጥቂቶቹ ላይ ግን ይደበቃል። ሴል ሲበላሽ «ቁም፣ አትባዛ» የሚሉትን የሰውነት ፕሮቲኖች ሥራ ያስፈታል። ከዚያ በኋላ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ዘበኛው ለመድከሙ ትልቁ ማሳያ ኤችአይቪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሴቶች ለማህፀን በር ካንሰር የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌሎች ስድስት እጥፍ ነው።

የዘበኛውን አሠራር ማወቅ ለሕክምናም በር ከፍቷል። ካንሰር አንዳንዴ የነጭ ደም ሴሎችን «ፍሬን» ይዞ ያቆማቸዋል። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በየፊናቸው ይህን ፍሬን እንዴት ማስለቀቅ እንደሚቻል አሳይተው እ.ኤ.አ. በ2018 ኖቤል ተሸልመዋል። ዛሬ በዚህ መንገድ የሚታከሙ ሕሙማን አሉ። መድኃኒቱ ግን በጣም ውድ ነው። ለእኛ አቅም የሚቀርበው ሳይታመሙ መከላከሉ ነው።

ወደ ክትባቱ ልምጣ። ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ሱር ሃውዘን የማህፀን በር ካንሰር ከፓፒሎማ ቫይረስ ይመጣል ሲሉ ብዙዎቹ ባልደረቦቻቸው አላመኗቸውም ነበር። እሳቸው ግን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 ዓይነት 16 እና ዓይነት 18 የሚባሉትን አገኙ፤ ለሌሎች ተመራማሪዎችም አካፈሉ። ከ100 የማህፀን በር ካንሰር 70 ያህሉ የሚመጣው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው። ከዚያም ቻይናዊው ጂያን ዡ እና የስኮትላንድ ተወላጁ ኢያን ፍሬዘር አውስትራሊያ ውስጥ አብረው እየሠሩ እ.ኤ.አ. በ1991 የቫይረሱን ቅርፊት ብቻ መሥራት ቻሉ። ፍሬው የወጣለት የባቄላ ገለባ በሉት። ውስጡ ባዶ ስለሆነ አይራባም፣ አያሳምምም። ዘበኛው ግን መልኩን አይቶ ጠላቱን ይለያል። ክትባቱ በጥቅም ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ጂያን ዡ ይህን ሳያዩ በ1999 አርፈዋል።

ለእትዬ ይህን ስነግራቸው፣ «እሱስ ይሁን፤ ሙከራውስ?» አሉኝ። ጥያቄያቸውን አልናቅኩትም፤ መነሻ አለው። ሄንሪየታ ላክስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት የአምስት ልጆች እናት እ.ኤ.አ. በ1951 በማህፀን በር ካንሰር ስትታከም፣ ሳትጠየቅ ሴሎቿ ተወስደው በዓለም ላይ ላሉ ላቦራቶሪዎች ተሰራጩ። እሷ በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ ሞተች። ሴሎቿ ግን ዛሬም ይራባሉ፤ ዓይነት 18 ቫይረስም በውስጣቸው ተገኝቷል። ሳይንስ ለብዙዎች የጠቀመውን ያህል የበደላቸው ሰዎችም አሉ። «ልጄን ምን ልትሰጧት ነው?» ብሎ መጠየቅ የእናት መብት ነው።

በዚህ ክትባት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2007 በአገር አቀፍ ደረጃ መስጠት የጀመረችው ለራሷ ልጃገረዶች ነው። ስዊድን 1.7 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጃገረዶችንና ሴቶችን ተከታትላ፣ 17 ዓመት ሳይሞላቸው የተከተቡት በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 88 በመቶ እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2020 አሳወቀች። የተከተቡት ልጆች ዛሬ ራሳቸው እናቶች ሆነዋል፤ ክትባቱ መካን እንደሚያደርግ የታየ ማስረጃም የለም። እኛ አገር የገባው በ2011 ዓ.ም. ነው። እንዲያውም የምናዝን ከሆነ የምናዝነው ስለዘገየብን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዚህ በሽታ ከሞቱት 350,000 ያህል ሴቶች 94 ከመቶው እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

ደግሞ ከጎረቤታችን ከኬንያ የመጣ መልካም ዜና አለ። የኬንያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከ15 እስከ 20 ዓመት የሆናቸውን 2,275 ፈቃደኛ ኬንያውያን ሴቶች አሳትፈው፣ አንድ መርፌ ብቻ ዓይነት 16 እና 18ን 97.5 በመቶ እንደሚከላከል አሳዩ። ይህንና መሰል ጥናቶችን መሠረት አድርጎ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለልጃገረዶች አንድ ጊዜ መከተብም እንደሚበቃ ገለጸ። ሁለት ጊዜ ማስከተብ ለሚከብድ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቡና የምትቀዳውን ጎረቤቴን ደግሞ፣ «አንቺ እኮ ልጅሽን ፀረ ካንሰር ክትባት ካስከተብሽ ቆየሽ» አልኳት። ደነገጠች። ሕፃናት በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንታቸው የሚወስዱት መርፌ ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ1984 ይህን ክትባት ለሕፃናት መስጠት ከጀመረች ወዲህ የልጆች ጉበት ካንሰር በጣም ቀንሷል። ጎረቤቴ የልጇን የክትባት ካርድ ከመሳቢያ አውጥታ ስታገላብጥ ሁላችንም ሳቅን።

እህቶቼ፣ ሁለት ነገር እንዳንረሳ። አንደኛ፣ ክትባቱ ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት ይከላከላል እንጂ የገባውን አያድንም። በልጅነት የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ለእኛ ለእናቶች ያለው መንገድ ምርመራ ነው። ዕድሜያችን 30 ከሞላ፣ ኤችአይቪ በደማችን ካለ ደግሞ 25 ከሞላ፣ ምልክት ሳንጠብቅ መመርመር አለብን። ምርመራው ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ቁስል ከተገኘም በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ ይወገዳል። ከግንኙነት በኋላ የሚፈስ ደም፣ ከወር አበባ ጊዜ ውጪ የሚታይ ደም፣ ወይም የወር አበባ ከቆመ በኋላ የመጣ ደም ካለ ግን ቀን አይሰጠውም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ነው።

በረካው ተጠጥቶ ስንነሣ እትዬ ክንዴን ይዘው ወደ በሩ ጥግ ወሰዱኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ የአክስትሽ ነገር… እኔም አልፎ አልፎ አየዋለሁ። ለልጆቼ አልነገርኩም» አሉኝ። ጉልበቴ ከዳኝ። «ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን፣ እትዬ» አልኳቸው። «ነገ እንኳ ሰው ይመጣብኛል» አሉ። «ሰውየው ይጠብቅ» አልኩ።

ሰኞ ጠዋት አብረን ሄድን። ወረፋው ረጅም ነበር፤ እጄን ይዘው ቁጭ አሉ። ሐኪሟ ያለቻቸውን እዚህ አልጽፍም፤ የእሳቸው ነው። ስንመለስ ግን ከታክሲው ሳይወርዱ፣ «የልጄ ልጅም ወረቀት አምጥታለች፤ አልፈርምም ብዬ አልጋው ሥር ጥየዋለሁ» አሉኝ። ማታ መነጽራቸውን አድርገው ሲፈልጉት እንዳመሹ የልጅ ልጃቸው ለልጄ ነግራታለች።

ሳምንት ሰው ይበለን።