አይቶ ስለ መመለስ

በከተማችን አነጋገር «በቦሌም ሆነ በባሌ» ሲባል በማናቸውም መንገድ ቢሆን ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚነገረውም ከአገር ስለ መውጣት ነው። ቦሌ የሰፈር ስም መሆኑ ቀርቶ የመውጫ ስም ሆኗል። በገርጂ፣ በጎሮና በሰሚት የምንኖር ተማሪዎች አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ ሲያልፍ እየሰማን አድገናል፤ ነገር ግን ከዘመዶቻችን መካከል በዚያ በር ወጥቶ የሚያየውን አይቶ በሳምንቱ የተመለሰውን ቁጠሩ ብንባል የአንድ እጅ ጣት ይበቃናል። የሄደው ሁሉ ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለመቅረት ነው። ለማየት ብቻ መሄድ የፈረንጅ ሥራ ነው ተብሎ ተትቷል።

እኛ ግን ተማሪ በዕረፍቱ ጊዜ የጎረቤት አገርን ዋና ከተማ አይቶ መመለስ ይገባዋል እንላለን። ይህንንም የምንለው እንዲያው በሐሳብ አይደለም። ባለፈው ክረምት አራት ሆነን ናይሮቢ ሄደን፣ ዘጠኝ ቀን ቆይተን ተመልሰናል። ገንዘቡ ዓመቱን ሙሉ በሲኤምሲና በአያት ቤት ለቤት እየዞርን ልጆች በማስጠናት የተጠራቀመ ነው። ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። በረራው ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ይኸውም በሥራ መውጫ ሰዓት ከአያት ተነሥቶ ፒያሳ ለመድረስ ከሚጠፋው ጊዜ እምብዛም አይበልጥም።

አስቸጋሪው ሰዉን ማሳመን ነበር። የአንደኛው ባልንጀራችን እናት ለዘጠኝ ቀን ጉዞ በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ በሻንጣው ከተው፣ መኪና ማቆሚያው ላይ አንገቱን አቅፈው አለቀሱ። «እማዬ፣ የዛሬ ሳምንት ሐሙስ እኮ እመጣለሁ» ቢላቸው፣ «እሺ የኔ ልጅ፣ ብቻ ደውልልኝ» አሉት እንጂ አላመኑትም። በመንገዳችን ላይ ወረቀታችንን የተመለከተ አንድ ሹም «ናይሮቢ ምን አላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። ልናይ ነው አልነው። «ምኑን?» አለን። በተመለስን ጊዜም ጎረቤቱ የጠየቀን ምን አያችሁ ብሎ ሳይሆን ለምን ተመለሳችሁ ብሎ ነው። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌማ አባረሯችሁ እንዴ ብለው ከልባቸው አዘኑልን።

ይህ ጥርጣሬ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሰደዱ ወጣቶቻችን በሞያሌና በናይሮቢ በኩል እንደሚያልፉ የታወቀ ነው፤ በመንገድ የቀሩትም ብዙ ናቸው። በናይሮቢ ኢስሊ በሚባለው ሰፈር ያገኘነው የአገራችን ልጅም ምሳ ከጋበዘን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከዚህ ወዴት ናችሁ?» አለን። ወደ አዲስ አበባ ስንለው ሳቀ። ለመቅረት የሚሄደውን ማንም አይወቅሰውም፤ የቸገረው ነው። ነገር ግን አንድ ትውልድ ከአገሩ መውጣትን የሚያውቀው በዚህ መልክ ብቻ ከሆነ፣ ጎረቤቱን የሚያውቀው እንደ መሸጋገሪያ ድልድይ ብቻ ይሆናል።

ናይሮቢ በ1891 ዓ.ም. ለባቡር ሐዲድ ሥራ የተቆረቆረች ሰፈር ነበረች፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ በ12 ዓመት ታንሳለች። በከተማይቱ ጫፍ ባለው የአራዊት ፓርክ ቀጭኔው ሲግጥ ፎቆቹ ከኋላው ይታያሉ። ማታቱ የሚባለው ታክሲያቸው በሥዕልና በዘፈን ያበደ ነው፤ ረዳቱ ግን ከእኛ ወያላ በምንም አይለይም።

ከሁሉ የበለጠ ያቆየን ብሔራዊ ሙዚየማቸው ነው። በ1976 ዓ.ም. በቱርካና ሐይቅ ምዕራብ ስለ ተገኘው የልጅ አፅም እዚያ ተማርን፤ ዕድሜው 1 ሚሊዮን ተኩል ዓመት ያህል ነው። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ በዚያው በስምጥ ሸለቆ የበቀለች ታላቁ ናት ማለት ይቻላል። የሐይቁን ነገር ስናነሣ አብሮን የነበረ አንድ የዚያ አገር ተማሪ፣ ቱርካናን የሚሞላው በአመዛኙ የእናንተ ኦሞ አይደለም ወይ፣ ግድብ ስትሠሩ የእኛ ዓሣ አስጋሪዎች ምን ይሁኑ ብሎ ጠየቀን። ስለ ዓባይ የታችኛው አገር ሰው ለሚያነሣው ክስ መልሱን በቃላችን የምናውቅ ነን። ነገር ግን ሻይ የጋበዘንን ልጅ ፊት ለፊት እያየን ያንኑ መልስ እንደ ዳዊት መድገም አልተቻለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኬንያ ከወላይታ ሶዶ በተዘረጋው መስመር ከእኛ ኤሌክትሪክ እንደምትገዛ ነገርነው፤ እሱም መብራቱን ወደድን፣ ዓሣውንስ አለ። ክርክሩ እስከ ማታ ቆየ። እንዲህ ያለውን ክርክር በየትኛው የመማሪያ ክፍል እናገኘዋለን?

ይህ ነገር በዩኒቨርሲቲያችን አዲስ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. ነጻ የአፍሪካ መንግሥታት አክራ ላይ ከተሰበሰቡ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ለአፍሪካ ተማሪዎች 200 የትምህርት ዕድል መስጠቱን አስታውቆ ነበር። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎችም አገሮች የመጡት ተማሪዎች ከእኛዎቹ ጋር በአንድ መኝታ ቤት አድረው፣ በአንድ ገበታ በልተው፣ የቅኝ ግዛትን ነገር በየማታው አከራከሯቸው። አፍሪካ ያን ጊዜ ወደ እኛ መጥታ ነበር። ዛሬ ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ ያለውን መንገድ አፍሪካ ጎዳና ብለን፣ ከጎኑ ያለውን ሰፈር ሩዋንዳ ብለን እንጠራለን፤ ኪጋሊን ያየ ተማሪ ግን ስንት ነው?

ገንዘብ የለም የሚሉን ይኖራሉ፤ እውነት ነው። የአውሮፕላኑ ዋጋ ለብዙዎቻችን ከባድ ነው፤ የውጭ ምንዛሪም እንደ ልብ አይገኝም። ነገር ግን ከቲኬቱ ቀጥሎ ገንዘባችንን የበላው መኝታ ነው፤ ለመኝታው ደግሞ መላ አለው። የእኛ መኝታ ቤቶች በክረምት ባዷቸውን ናቸው። ማኅበራችን ለናይሮቢ ተማሪዎች ማኅበር አንድ ደብዳቤ ጽፎ፣ አሥር ልጆች ወደ እኛ መጥተው እንዲያድሩ፣ አሥር ደግሞ ከእኛ ሄደው እንዲያድሩ ቢስማማ ወጪው በእጅጉ ይቀንሳል። ከመምህራኖቻችንም አንዱ ቢመራን ወላጆቻችን ይረጋጋሉ፤ ከጉዞው በኋላ ያየነውን በአንድ ምሽት ለተማሪው የምንነግርበት አዳራሽም አይጠፋም።

ደብዳቤውን አርቅቀን ለጸሐፊው ሰጥተናል። ሰኞ በሚደረገው ስብሰባ እንዲነበብ እንጠይቃለን፤ ተቃውሞ ያለውም መጥቶ ይናገር።