አራት ቤቶችና ሁለተኛው ናዳ
ለኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ኮሚሽነር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኮሚሽነር፣

እሑድ ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ምሽት፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተናደ። መሥሪያ ቤትዎ በዚያው ሳምንት ለዜና ወኪሎች እንደገለጸው በመጀመሪያው ናዳ የተመቱት አራት ቤተሰቦች ነበሩ። አራት ብቻ። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን የሟቾች ቁጥር ከ200 አለፈ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። አራት ቤት ተመትቶ ከ200 በላይ ሰው እንዴት ሞተ? ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

መልሱ ያለው ሰኞ ጠዋት ላይ ነው። ጎረቤት ተቀበረ ሲባል የሰማ ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ፤ ያላገኘው በእጁ ቆፈረ። መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ሳይቀሩ ሊያግዙ ሄዱ። ሁለተኛው ናዳ የወረደው በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው። በኋላ ዓለም የተቀባበለውን ፎቶግራፍ እርስዎም ሳያዩት አልቀሩም፤ ቀይ አፈር፣ በአፈሩ ላይ ተደርድሮ የቆመ ሕዝብ፣ ከበላዩ ደግሞ የተገመሰው ተራራ። እኔን ያስጨነቀኝ የተገመሰው ተራራ ነው። ያን ያህል ሕዝብ ከሥሩ ቆሞ ወደ ላይ የሚመለከት ሰው ተመድቦ ነበር?

ናዳ እንዴት እንደሚወርድ ምሥጢር የለውም። በእነዚያ ከፍታዎች ድንጋዩ ለብዙ ዘመን እየበሰበሰ የፈጠረው ጥልቅ ሸክላማ አፈር አለ። ዝናቡ ሲደጋገም ውኃው በአፈሩ መካከል እየገባ ይገፋዋል፤ አፈሩ ይከብዳል፣ እርስ በርስ የያዘውም ይላላል። ሥሩ ጠልቆ አፈር የሚይዘው ዛፍ ከተመነጠረና የተራራው እግር ለቤት ወይም ለመንገድ ከተቆረጠ ደግሞ ለመውረድ ምክንያት አያጣም። ችግሩ ናዳው አንዴ ከወረደ በኋላ ነገሩ ያለቀ መምሰሉ ነው። የወረደው አፈር የላይኛውን ደግፎ ይዞት ነበር፤ እሱ ሲሄድ ድጋፍ የሌለው፣ ቀጥ ያለ፣ ውኃ ያዘለ ግድግዳ ከላይ ይቀራል። ከናዳ በኋላ ያሉት ሰዓታት ከሁሉም የሚያስፈሩት ለዚህ ነው። ሕዝቡ ነቅሎ የሚወጣው ደግሞ ልክ በእነዚያ ሰዓታት ነው።

ባሕር ባለበት አገርም ይኸው ነው የሚሆነው። የባሕር ወለል በመሬት መንቀጥቀጥ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል በላዩ ያለውን ውኃ በሙሉ ያንቀሳቅሰዋል፤ ከዚያ የሚነሳው ማዕበል ሱናሚ ይባላል። ማዕበሉ ተከታትሎ ይመጣል፤ በአንዱና በሌላው መካከል ደቂቃዎች ሊያልፉ ይችላሉ፣ አንድ ሰዓትም ሊያልፍ ይችላል፤ ትልቁም የግድ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ከአላስካ የተነሳው ሱናሚ ክሬሰንት ሲቲ የተባለችውን የካሊፎርኒያ ከተማ ሲመታ፣ የመጀመሪያዎቹ ማዕበሎች ሲያልፉ ሱቃቸውን ሊያጸዱ የተመለሱ ሰዎች ነበሩ። ከሁሉም የከፋው አራተኛው ሆነ። በጃፓን ሳንሪኩ ጠረፍ ለልጆች የሚሰጠው ትምህርት ለእኛ ጆሮ ይከብዳል፦ መሬት ሲንቀጠቀጥ እናትህን አትጠብቅ፣ ወንድምህን ልፈልግ ብለህ አትመለስ፣ ወደ ከፍታ ሩጥ። እ.ኤ.አ. በ2011 በካማይሺ ከተማ ወደ 3,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ይህን ተምረው ተርፈዋል።

ለጎፋ ገበሬ «ጎረቤትህን ተወው» ይባል እያልኩ አይደለም። ቢባልም አይሰማም፤ ባይሰማ ደግሞ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የሚሄደው ሰው እንዴት እንደሚሄድ ማስተማር ይቻላል። አንድ ሰው ከናዳው ፊት ለፊት፣ ከአደጋው ርቆ በሚታይ ቦታ ይቁም፤ ሥራው ገደሉን ማየት ብቻ ይሁን፤ አፉ ላይ ፊሽካ ይኑረው። ከላይ አዲስ ስንጥቅ ካየ፣ ጠጠር መንከባለል ከጀመረ፣ ወይም ዝናቡ ከተመለሰ ይንፋ፤ የሚቆፍረውም ሁሉ አስቀድሞ በታወቀ አቅጣጫ ይውጣ። የሚቆፍሩት በጣም ጥቂት ይሁኑ፤ ሌላው ርቆ ተራውን ይጠብቅ። ይህ ሄሊኮፕተር አይጠይቅም፣ ለጋሽ አገርም አያስፈልገውም። በየወረዳው አንድ ቀን ሥልጠናና አንድ ፊሽካ ነው።

ናዳ ከመውረዱ በፊትም ቢሆን ተራራው ዝም አይልም። የቤት በር ድንገት አልዘጋ ይላል፤ ዛፍ ያዘነብላል፤ ጥርት ያለ ምንጭ ይደፈርሳል፤ ከማሳው በላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይታያል። ይህን ቀድማ የምታየው ውኃ ልትቀዳ የወጣች ልጅ ናት። ለማን ትንገር? የነገረችው ሰውስ ምን እንዲያደርግ ታዟል?

ክቡር ኮሚሽነር፣ መሥሪያ ቤትዎ የተወለደው ከረሃብ ነው። በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ጊዜ ሲቋቋም ሥራው እህል፣ መጋዘንና የጭነት መኪና ነበር፤ በዚያ የተረፈውን ሕይወት አላሳንሰውም። ግን ድርቅ ለመንግሥት ወራት ይሰጣል፤ ናዳ የሚሰጠው ሰዓት ነው፣ እሱም ከተገኘ። እኔ እንደማየው ኮሚሽኑ ዛሬም ከልማዱ አልወጣም፤ ብርድ ልብስና ዱቄት ማድረስ ላይ በርትቷል፣ የማስጠንቀቂያ ቃል ማድረስ ላይ ግን ደካማ ነው።

ቃል ሳይደርስ ሲቀር ምን እንደሚሆን ጎረቤቶቻችን አይተውታል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 ከሱማትራ የተነሳው ሱናሚ ሶማሊያ ለመድረስ ሰባት ሰዓት ያህል ወስዶበታል። ሰባት ሰዓት! በሐፉንና በአካባቢው ጠረፍ ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ የነገራቸው አልነበረም። በኬንያ ግን ባለሥልጣናት ወሬውን ሰምተው ሰዉን ከባሕር ዳርቻ ስላስነሱ የሞተው አንድ ሰው ነው። ማዕበሉ ያው ማዕበል፣ ውቅያኖሱም ያው ውቅያኖስ ነው።

የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየክረምቱ «ከመደበኛ በላይ ዝናብ» ሊኖር እንደሚችል ይነግረናል። የጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩትም የናዳ ስጋት ያለባቸውን ቦታዎች ያጠናል። ሁለቱን አገናኝቶ «ዛሬ ማታ ከዚህ ቁልቁለት ሥር አትደሩ» የሚል ቃል በአካባቢው ቋንቋ ማድረስ የማንም ሳይሆን የእርስዎ ድርሻ ነው። መንገዱ እንግዳ አይደለም፤ ለቀብር ሰው የሚሰበስብ ዕድር ለሽሽትም መጥራት ይችላል፤ የልማት ሠራተኛዋም ገበሬውን በስም ታውቀዋለች።

ጎፋ የመጨረሻው አልነበረም። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በወላይታ ዞን ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ሌላ ናዳ ሰው ገደለ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮም ከጎፋው አካባቢ ብቻ ከ15,000 በላይ ሰው መነሳት እንዳለበት በወቅቱ ገልጿል። ሰፈራ ጊዜና መሬት ይጠይቃል፤ እስከዚያ ድረስ ሰዉ የሚያድረው እዚያው ቁልቁለት ላይ ነው፣ ስለዚህ ፊሽካው መቅደም አለበት።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ቀጣዩ ክረምት ከመግባቱ በፊት የናዳ ስጋት ካለባቸው ቀበሌዎች የትኞቹ ይህን የፊሽካ ሥልጠና እንዳገኙ፣ የትኞቹ እንዳላገኙ በስም ዘርዝረው ለሕዝብ ያሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር