ቅባቱ የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ቅባት ያለበት አገልጋይ» የሚለው አነጋገር በእኛ ወጣቶች አንደበት ሳይቀር እየተለመደ መጥቷል። ቅባቱ የጥቂቶች ብቻ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀን በቅዱስ ሜሮን ታትመናል። ቅዱስ ዮሐንስም ቅባትን ተቀብላችኋል ብሎ የጻፈው ለምእመናን ሁሉ ነው (1ኛ ዮሐ. 2፥20)። ታዲያ በሜሮን የከበረ ክርስቲያን በጠርሙስ የታሸገ ዘይት ሊገዛ ወደ አዳራሽ የሚሄደው ምን ጎድሎት ነው? እግዚአብሔር ለሙሴ የቅብዐቱን ዘይት አሠራር በነገረው ጊዜ፣ አስመስሎ የሚሠራ ከሕዝቡ ተለይቶ እንዲጠፋ አዟል (ዘጸ. 30፥33)።

ትንቢትን አንክድም። በዘመነ ሐዋርያት ነቢዩ አጋቦስ ስለሚመጣው ረኃብ ተናገረ፤ ረኃቡም በቀላውዴዎስ ዘመን ሆነ። ደቀ መዛሙርቱ ያዋጡት ገንዘብ የተላከው ለነቢዩ ሳይሆን በይሁዳ ላሉ ወንድሞች ነው (ሐዋ. 11፥28-30)። ኋላም ለቅዱስ ጳውሎስ የነገረው እስራት እንደሚጠብቀው ነበር። ቪዛ፣ መኪናና ትዳር የሚያድሉት የዛሬዎቹ «ነቢያት» እስራትን ለማን ተናግረው ያውቃሉ? ቃላቸው ሳይፈጸም ሲቀር «እምነትህ አንሶ ነው» ይሉታል፤ ኦሪት ግን ጥፋቱን በተናጋሪው ላይ ታደርጋለች (ዘዳ. 18፥22)። ቅዱስ ጳውሎስም ነቢያት ሲናገሩ ሌሎች እንዲመረምሩ አዝዟል፤ እነዚህ ግን የመረመራቸውን ይረግማሉ።

(በእኛም ቅጽር ጸበልና ቅብዐ ቅዱስ የሚቸረችር ቢገኝ ፍርዱ አይለይም።) ኤልሳዕ ከለምጹ የነጻው ንዕማን ያቀረበለትን ስጦታ አልተቀበለም። ሎሌው ግያዝ ግን ከኋላው ሮጦ፣ በጌታው ስም ዋሽቶ፣ 2 መክሊት ብርና 2 መለወጫ ልብስ ይዞ ተመለሰ። የንዕማንም ለምጽ በእርሱና በዘሩ ላይ ተጣበቀ።