«ተዋናይ እሆናለሁ» ላለ ልጅ መልሳችን ምንድን ነው?

 

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በብዙ ቤት በሹክሹክታ የሚነገር፣ በአደባባይ ግን የማይወራ ነው። በሰቆጣ ከተማም ሆነ በዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች የምትኖሩ ወላጆች ታውቁታላችሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ወይም ለመጨረስ ጥቂት የቀረው ልጅ አንድ ምሽት ከእራት በኋላ ጉሮሮውን ይጠርግና «አዲስ አበባ ሄጄ ተዋናይ መሆን እፈልጋለሁ» ይላል። ቤቱ ጸጥ ይላል። ከዚያስ?

ከዚያ በኋላ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ አባት «ሐራም ነው! ሁለተኛ እንዳልሰማ!» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል፤ ወይም እናት አንጀቷ አልችል ብሎ ፍየል ሸጣ የመንገዱን ትሰጠዋለች። የመጀመሪያው ልጅ ተደብቆ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ተመርቆ ይሄዳል። ሁለቱም ግን የሚሄዱበትን ሥራ ሳያውቁት ነው የሚሄዱት። እኛም የምንሟገተው በዚህ ላይ ነው፦ ቁጣም ሆነ ምርቃት እውቀትን አይተካም።

እንጀራው እንዴት ነው?

በቅድሚያ ስለ ሪዝቁ እንነጋገር። አገር ፍቅር ቲያትር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ። ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የምንለው በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የአገራችን ሕዝብ እጥፍ ድርብ ሆኗል፤ ተዋናይ ቀጥረው የወር ደመወዝ የሚከፍሉ ቲያትር ቤቶች ግን ዛሬም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ትምህርት መስጠት ከጀመረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። እንግዲህ ልጃችሁ ተራ የሚይዘው በዲግሪ ከተመረቁት ኋላ ነው ማለት ነው። ከነዚህ ቤቶች ውጪ ያለው ሥራ በውል የሚከፈል ነው፤ ፊልሙ ሲኖር ይከፈላል፣ ሲያልቅ ያበቃል። በመካከል ያለውን ወር ማን ይሸፍነዋል? ቢታመምስ?

«ስሙ ከገነነ ግን ሁሉም ይስተካከላል» ትሉ ይሆናል። ፍቃዱ ተክለማርያም ስሙ ያልገነነ ነበርን? በመድረክም በፊልምም ሕዝብ የወደደው አንጋፋ ተዋናይ ነበር። ኩላሊቱን በታመመ ጊዜ ግን ለሕክምናው ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ አስፈለገ፤ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለየ። ይህን የምናነሳው የሞተን ሰው ለመውቀስ አይደለም። ወቀሳ ካለ የሚገባው ዕድሜ ልኩን ያገለገለን ባለሙያ በሕመሙ ጊዜ እጅ እንዲጠብቅ ላደረገው አሠራር ነው። አንጋፋው እንዲህ ከሆነ፣ ትናንት ከሰቆጣ የመጣው ልጅ ምን ይሆናል?

ይህ የድሃ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር 160 ሺህ ያህል አባላት አሉት። እ.ኤ.አ. በ2023 ማኅበሩ ለ118 ቀናት ሥራ ባቆመ ጊዜ ዓለም የሰማው ነገር ቢኖር፣ ከአባላቱ የጤና መድን ለማግኘት የሚያስፈልገውን በዓመት 26 ሺህ ዶላር ግድም የሚያገኙት ከመቶ 14 ያህሉ ብቻ መሆናቸው ነው። ሆሊውድ እንዲህ ነው! ልጁ የሚያየው በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ያለውን አንዱን ፊት ነው፤ በር ላይ የቆሙትን አያያቸውም።

በበሩ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው አለ፤ ደላላው። «ለካስቲንግ መመዝገቢያ ይህን ያህል፣ ለፎቶ ይህን ያህል፣ ለሥልጠና ይህን ያህል» ይላል። ወላጆች ሆይ! አንድ ነገር ያዙልን፦ ሥራ ያለው ሰው ለሠራተኛው ይከፍላል እንጂ ከሠራተኛው አይቀበልም። ሥራ ለመስጠት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ንግዱ ልጃችሁ ራሱ ነው። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ የሚጠየቀው ሁልጊዜ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ማደሪያ የሌላት፣ ዘመድ የማታውቅ፣ «ተስፋ አለሽ» የተባለች ልጅ በማታ ቀጠሮ ምን ሊገጥማት እንደሚችል ለእናት መንገር አያስፈልግም። ልጅ አማና ናት፤ አማናን ለማያውቁት ሰው አይሰጡም።

ዲኑስ?

ዑለማዎች በትወና ጉዳይ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከናካቴው የከለከሉ አሉ፤ በጥብቅ ሸርጥ የፈቀዱም አሉ። እኛ እዚህ ፈትዋ ለመስጠት አልተቀመጥንም። ነገር ግን በዚህ ሥራ ሸርጡን የሚያስቀምጠው ማን እንደሆነ ልጁ ሊያውቅ ይገባዋል። የሚጽፈው ደራሲው ነው፤ የሚያዘው ዳይሬክተሩ ነው፤ ገንዘቡን የሚያወጣው ነጋዴው ነው። ጀማሪ ተዋናይ «ይህቺን ሴት አልነካም፤ ብርጭቆውን አላነሳም፤ የዐስር ሰላት ደረሰ» ቢል በቦታው ሌላ ሰው ይቆማል። እምቢ ለማለት ስም ያስፈልጋል፤ ስም ለማግኘት ደግሞ መጀመሪያ እሺ ማለት ይጠየቃል። ወጥመዱ ይኸው ነው።

«ታዲያ አር-ሪሳላ የተባለው ፊልምስ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሙስጠፋ አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ያ ፊልም የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ምስል አላሳየም፣ ድምፃቸውንም አላሰማም። ገደብ ተከብሮ ታሪክ ሊነገር እንደሚችል ማሳያ ነው እንላለን። ሆኖም እንዲህ ያለው ሥራ ከስንት አንድ ነው፤ ለጀማሪ የሚቀርብለትም እሱ አይደለም።

የግብጿን ሻዲያንም አስቡ። ከ100 በላይ ፊልሞች ሠርታ፣ የዐረቡ ዓለም ሁሉ እያወቃት፣ ዕድሜዋ 50ን ካለፈ በኋላ ሁሉን ትታ ሒጃብ ለብሳ ወደ ቤቷ ገባች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 እስክትሞት አልተመለሰችበትም። ዝና ልብን ቢሞላ ኖሮ እሷን በሞላ ነበር። ግን ልብ በሉ፤ እሷ ስትተወው የምትተወው ነገር ነበራት። ገና መንገድ ላይ ያለው ልጅ ግን ዲኑን አስይዞ ዝናውንም ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።

የእኛ ድርሻ

እስካሁን ስለ ልጁ ተናገርን። አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ለመሆኑ ይህን ምኞት በልጁ ልብ የዘራው ማን ነው? ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክን ድራማ በአማርኛ ማሰማት ከጀመረ ወዲህ በስንቱ ቤት መግሪብ በድራማ ምክንያት ዘገየ? ከተዋናዩ ጋር ስናለቅስ፣ ስሙን ከጎረቤት ጋር ስናነሳ፣ ልብሱን ስናደንቅ ልጁ አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። በቤታችን የሚደነቅ ሰው ማን እንደሆነ ያስተማርነው እኛ ነን። ቤታችንን ቲያትር ቤት አድርገን ስናበቃ ልጃችን ተዋናይ መሆን ሲመኝ የምንቆጣበት አንደበት ከየት ይመጣል?

ሌላም ጥፋት አለብን። አላህ ድምፅና የመናገር ችሎታ የሰጠውን ልጅ የምናሰማራበት ቦታ አላዘጋጀንም። የወሎ አባቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። ድምፁ ያማረውን መንዙማ አስያዙት፤ ፊደል ያልቆጠረው ሰው ተውሒድን፣ የነቢዩን ሲራ፣ የመልካም ሰዎችን ታሪክ በመንዙማ ተማረ። ቁርኣንም ቢሆን በታሪክ ያስተምራል፤ የዩሱፍን ምዕራፍ ሰምቶ ልቡ ያልተነካ ማን አለ? እንግዲህ ታሪክ መንገር ጠላታችን አይደለም።

ለስክሪንና ለማይክሮፎን ሥራም ትወና ብቸኛው በር አይደለም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከሰቆጣ በስተምሥራቅ ባለችው ኮረም የተጠለለውን የረሃብተኛ ወገናችንን ሥቃይ ለዓለም ያሳየው ካሜራ በማን እጅ ነበር? ኬንያዊው ሙስሊም ሙሐመድ አሚን ነበር የያዘው። ማንንም አላስመሰለም፤ ያየውን አሳየ፤ ዓለምም እህል ይዞ መጣ። ይህ ሰው በኅዳር 1989 ዓ.ም. በኮሞሮስ ባሕር በወደቀው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ፤ ሥራው ግን ዛሬም ይነሳል። ኽምጥኛ ዛሬ በክልሉ ራዲዮ ይነገርበታል፣ በአንደኛ ደረጃ ይማሩበታል። በዚህ ቋንቋ ዜና የሚያነብ፣ ታሪክ የሚጽፍ፣ ካሜራ የሚይዝ፣ ለልጆች የሚተርክ ያስፈልጋል። የዋግ ልጅ ራሱን ሳይሸጥ ሊደርስበት የሚችል መስክ ነው።

እንግዲህ ምን እንበለው?

ልጁ «ተዋናይ እሆናለሁ» ባለ ምሽት በመጀመሪያ አስቀምጣችሁ ስሙት። የወደደው ታሪኩን ነው? ገንዘቡን ነው? ወይስ ከቤት መውጣቱን? መልሱ የሚለያየው በዚህ ነው። ቀጥሎ ትምህርቱን እንዲጨርስ፣ ሌላ የእጅ ሙያ እንዲይዝ ምከሩት፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው በእጁ ሠርቶ ከሚበላው የተሻለ ምግብ እንደሌለ አስተምረዋልና። ሁሉን ሰምቶ እሄዳለሁ ካለ ደግሞ ዘመድ ቤት ይረፍ እንጂ ደላላ ቤት አይረፍ፤ ለማንም ገንዘብ አይክፈል፤ ያልተጻፈ ውል አይቀበል፤ የማያልፈውን ድንበር ከዐሊም ጠይቆ ከመሄዱ በፊት ያስምር፣ በካሜራ ፊት ቆሞ አይደለም። በሩንም አትዝጉበት። መመለስ ያፈረ ልጅ ነው የሚጠፋው።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት ሰቆጣ ድረስ ገብቶ ስንቱን ከቤቱ አፈናቅሏል። ይህ ሕዝብ ገና ቁስሉ አልደረቀም፤ ፍየሏንም ልጇንም በአንድ ጉዞ የምታጣ እናት ልንጨምርበት አይገባም።

አላህ ልጆቻችንን በሐላል ሪዝቅ ያብቃቅልን፣ እኛንም ለነሱ ጥሩ ምሳሌ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።