«ሕዝቡ ችግር የለበትም» የሚሉት ንቀት

አገር በታመሰ ቁጥር ከየቴሌቪዥኑ ውይይትና ከየአዳራሹ ስብሰባ የሚሰማ አንድ ፍርድ አለ፤ «ሕዝቡ እርስ በርሱ ችግር የለበትም፤ ችግሩ ያለው ልሂቃኑ ዘንድ ነው» ይላል። ገዢውም ይለዋል፣ ተቃዋሚውም ይለዋል፣ ምሁሩም ይደግመዋል። ሕዝብን የሚያመሰግን ስለሚመስል ደፍሮ የሚሞግተው የለም። ከዚህ ፍርድ ግን ሁልጊዜ ያው መፍትሔ ይወለዳል፦ ልሂቃን ይቀመጡ፣ ይደራደሩ፣ ይስማሙ፤ ሕዝቡ የተስማሙበትን ይቀበላል። እኔ ምስጋናውን ትቼ ከሥሩ ያለውን ንቀት ነው የማየው። አርሶ አደሩና አርብቶ አደሩ የራሱ የፖለቲካ ጥያቄ የለውም ማለት ነውና፤ ቢነሳ ቀስቅሰውት፣ ዝም ቢል ደልቶት ነው ማለት ነውና። ይህ ሐሳብ ስህተት መሆኑን ለማሳየት ከባሌ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ከሮቤና ከጎባ ደጋ ወደ ደቡብ ቆላ ወርዶ ብድሬ የሚደርስ ሰው የመዳ ወላቡን ምድር ይረግጣል፤ በኦሮሞ ትውፊት የገዳ ጉባኤ ይቀመጥበት የነበረ ምድር ነው። የባሌ አመፅ በ1955 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው በዚህ ቆላ ነው፤ በኤል ከሬ በኩል ካሂን አብዲ፣ በደሎ በኩል ዋቆ ጉቱ እየመሩት። መነሻው ከመጽሐፍ የተቀዳ አልነበረም። መሬት ቀላድ በሚባል የመለኪያ ገመድ ይለካል፤ ግብር ይጣልበታል፤ መክፈል ያቃተው ሰው ርስቱን ለመንግሥት ያጣል፤ መንግሥት ደግሞ ለባለሥልጣኑና ለወታደሩ ይሰጠዋል፤ የትናንቱ ባለቤት በገዛ አባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ያድራል። አቤት ልበል ቢል ማመልከቻው የሚጻፈው በማይናገረው ቋንቋ፣ ክርክሩም የሚሰማው በአስተርጓሚ ነው። በዚያ ላይ አብዛኛው ሙስሊም የሆነ ሕዝብ በአገሩ መንግሥት ውስጥ የራሱን መልክ የሚያይበት ቦታ አልነበረውም። ይህ ሁሉ ተደምሮ ገበሬና ከብት አርቢ መሣሪያ አንስቶ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ጦር ከነአውሮፕላኑ እየተቋቋመ እስከ 1962 ዓ.ም. ቆየ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ የተመሙት በየካቲት 1957 ዓ.ም. ነው፤ ባሌ ከተነሳ በኋላ። የተማሪዎቹን ድፍረትም የከፈሉትንም ዋጋ አላሳንስም። ነገር ግን የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የመሬት አዋጅ በተወሳ ቁጥር የግቢው ሰልፍ ይጠቀሳል፤ ቀድሞ የተነሳው ባለጉዳይ «ሽፍታ» ወይም «የአካባቢ አመፅ» ተብሎ በግርጌ ይቀራል። ታሪኩን የጻፈው የተማረው ክፍል ነውና ጥያቄውንም ራሱ የጀመረው አድርጎ አስቀመጠው።

ባሌ ብቻውንም አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ተነስቶ መንግሥትን ወደ ኋላ አስመልሷል። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ የትግራይን፣ የባሌንና የጎጃምን አመፆች አንድ ላይ ባጠኑበት መጽሐፋቸው ሦስቱ በመነሻቸውም በዓላማቸውም እንደሚለያዩ አሳይተዋል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ልዩነት ነው፤ «ሕዝቡ» ብለን አንድ ላይ የምንጠቀልለው አካል ብዙ ጥቅም፣ ብዙ እምነት፣ ብዙ ቂም ያለው ብዙ ሕዝብ ነው። እዚህ ላይ የሚነሳውን መከራከሪያ አውቀዋለሁ፦ የባሌን አመፅ ያስታጠቀችው ሶማሊያ ናት፣ የመሩትም በአካባቢያቸው የተሰሙ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ያም ቢሆን የልሂቅ ሥራ ነው ይባላል። ጠመንጃው ከሶማሊያ መምጣቱ እውነት ነው። ቀላዱን የጣለችው ግን ሶማሊያ አይደለችም። መሪ መኖሩም ተከታዩን ሕፃን አያደርገውም፤ ዋቆ ጉቱ ዲግሪ ሳይኖራቸው የመሩት፣ የሚመሩት ሕዝብ የሚደርስበት ሁሉ ስለሚደርስባቸው ነው። እንዲህ ያለውን መሪ ከአዳራሽ ልሂቅ ጋር በአንድ ስም መጥራት ልዩነቱን ለማጥፋት ብቻ ይጠቅማል።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው። በሰኔ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት በባሌና በአርሲ ከተሞች የደረሰውን ያየ ሰው፣ ሥልጣን ለሕዝብ ይቅረብ ሲባል ቢሰጋ አልፈርድበትም። ቤት ተቃጥሏል፣ ንብረት ወድሟል፣ ሰው በማንነቱና በሃይማኖቱ ተለይቶ ተገድሏል፤ ካጠቁትም መካከል ጎረቤት ነበረበት። ይህ ግን «ሕዝቡ ችግር የለበትም» የሚለውን አባባል ያፈርሰዋል እንጂ አይደግፈውም። ንጹሕ ነው ተብሎ የተሞገሰ ሕዝብ ተጠያቂም አይሆንም፤ እጁን ያነሳው ሰው «ቀስቅሰውኝ ነው» ብሎ ይወጣል፣ የተጎዳውም ካሳና ፍርድ በመጠበቅ ፈንታ «ሕዝብ ለሕዝብማ ፍቅር ነው» የሚል ንግግር ይሰጠዋል። ሰውን የፖለቲካ ባለቤት ነህ ማለት ለጥያቄውም ለጥፋቱም ኃላፊ ነህ ማለት ነው። በሮቤና በጎባ ሙስሊምና ክርስቲያን፣ ኦሮሞና አማራ አብረው የሚኖሩት ልዩነት ስለሌላቸው አይደለም፤ አላቸው፣ በግልጽ የሚናገሩበት መድረክ ግን አልተሰጣቸውም።

«ታዲያ እውቀትስ?» ይባላል። የጎባ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም በእጅ ብልጫ ይመረጥ የሚል የለም። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል፤ የወረዳው ገንዘብ በመንገድ ላይ ይዋል ወይስ በውኃ ላይ የሚለውን ግን በውኃው ጥም የሚቃጠለው ሰው ከእርሱ አሳንሶ አያውቀውም። ባለሙያም በጅምላ ይሳሳታል። በ2002/03 የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ የተባለው በሽታ የአርሲንና የባሌን ስንዴ ሲመታ ክፉኛ የተጎዳው በሰፊው ተሠራጭቶ የነበረው ኩብሳ የተባለው ዝርያ ነው፤ ዝርያውን ያወጡት ባለሙያዎች ናቸው፣ ኪሳራውን የተሸከመው ግን ገበሬው ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የልሂቅነቱ በር ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ማየት ይገባል፦ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ውጤቱ የትምህርት ቤቶቻችንን ድህነት ያሳያል፤ ፈተናው መጥበቁም ለዩኒቨርሲቲ ጥራት ያስፈልግ ይሆናል። በዚህ በር ያላለፈው ሁሉ በአገሩ ጉዳይ አፍ የለውም ማለት ግን ከመቶ ተፈታኝ ዘጠና ሰባት ያህሉን ዝም በል ማለት ነው። የመዳ ወላቡን ስም የያዘ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ ላይ አለ። ያ ስም የመጣው ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከሚተላለፍበት ሥርዓት፣ ከገዳ፣ የጉባኤ ስፍራ ነው። ገዳ ሴቶችን ከሥልጣን ያገለለ ሥርዓት በመሆኑ ዛሬ እንዳለ ይገልበጥ አልልም፤ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሰዎች ሕግ ሊያወጡና ገዢያቸውን ሊያወርዱ መቻላቸውን ግን አረጋግጧል።

የዛሬውን የቀበሌ ስብሰባ ከዚህ ጎን አስቀምጡት። ከወረዳ የመጣው ኃላፊ ረጅም ሰነድ ያነባል፤ ፀሐይ ስትበረታ «ጥያቄ ያለው» ይባላል፤ እጅ ያወጡት በአንድ ዙር ተጠቃለው ይሰማሉ፤ መልሱም በጅምላ ይሰጥና «አቅጣጫ ተቀምጧል» ተብሎ ይበተናል። ስለ ማዳበሪያ የጠየቀችው ሴትና ስለ ግጦሽ ድንበር የጠየቀው ሽማግሌ «አንዳንድ የመልካም አስተዳደር ችግሮች ተነስተዋል» በሚል አንድ መስመር ውስጥ ይጠፋሉ። የምርጫ ሥርዓታችንም ይህንኑ ነው የሚያደርገው፤ በአንድ ድምፅ የበለጠ ሁሉን ይወስዳል፣ በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር የወሰዱት በዚህ መንገድ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ተሳታፊዎችን ከየወረዳው፣ ከአርሶ አደሩም ከአርብቶ አደሩም መምረጡ ትክክል ነበር። ነገር ግን ከመዳ ወላቡ ቆላ የሚነሳ የመሬትና የውኃ ጥያቄ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ በየደረጃው እየተጨመቀ «የሕገ መንግሥት ጉዳዮች» ወደሚል የልሂቃን ርዕስ ከተለወጠ፣ ጠያቂው መልሱን ቢያገኝ እንኳ የራሱ መሆኑን አያውቀውም። ስለዚህ አጀንዳው በተነገረበት ቋንቋና ቃል፣ ማንም ከማጠቃለሉ በፊት፣ ወረዳ በወረዳ ታትሞ ይውጣ፤ ብድሬ ያለው ሰው የተናገረው የትኛው ገጽ ላይ እንደተጣለና ማን እንደጣለው ጣቱን አስቀምጦ መጠየቅ ይቻለው።